በልብስና በምንጣፍ ላይ ስለሚፈስ ሰም፤ ስለ ጠባዩ፣ ስለ አነሣሡና ስለ ምስክርነቱ

በአገራችን በኢትዮጵያ በክርስቲያኑ ሕዝብ ዘንድ ጧፍ ሳይበራ የሚያልፍ ታላቅ በዓል የለም ለማለት ይቻላል። በትንሣኤ ሌሊት ምእመናን ጧፍ በእጃቸው ይዘው ይቆማሉ፤ ካህናትና ደብተሮችም የሌሊቱን ንባብ በጧፍ ብርሃን ሲከታተሉ ኖረዋል፤ ጧፍና ምንጣፍ፣ ጃንጥላና መጋረጃ ለቤተ ክርስቲያን በስለት የሚሰጡ ዕቃዎች ናቸው። ጧፍ በበራበት ስፍራ ሁሉ ግን ሰም ይንጠባጠባል፤ የሚንጠባጠበውም ብዙ ጊዜ በነጩ ነጠላ፣ በካህኑ ካባ ወይም ከእግር በታች በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ነው። በቤትም ውስጥ መብራት በጠፋ ጊዜ ሻማ በስኒ ማስቀመጫ ላይ ተተክሎ ሲበራ ይኸው ነገር ይደርሳል።

ነገሩ ሲታይ ትንሽ የቤት ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ምክንያቶች ለሕዝብ ልማድ መርማሪ ሊታሰብበት የሚገባ ያደርጉታል። አንደኛው፣ ሰምን ከልብስ ለማንሣት የሚደረገው ችኰላ ከሰሙ ይልቅ ልብሱን የሚጎዳ መሆኑ ነው፤ ሰም በልብስ ላይ ዓመታት ቢቈይ ክሩን አይበላውም፤ ያለ መጠን የጋለ ካውያ ግን በአንድ አፍታ የማይመለስ ጥፋት ያደርሳል። ሁለተኛው፣ በአሮጌ ንዋያተ ቅድሳት ላይ የደረቀ የሰም ጠብታ ራሱ የታሪክ ምስክር መሆኑ ነው። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ በመጀመሪያ የሰምን ጠባይ፣ ቀጥሎ ሰምን ማስለቀቅ ሥራቸው የሆነ ሰዎች የሚሠሩበትን መንገድ፣ ከዚያም የአነሣሡን ሥርዓት በየልብሱ ዐይነት፣ በመጨረሻም ጠብታው ሳይነሣ ምን ሊመረመር እንደሚገባ እናስረዳለን።

1. ስለ ስሞቹ

በቅድሚያ ቃላቱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። በግእዝ «ሠምዕ» የተባለው በአማርኛ «ሰም» ነው። ማር በውሃ ተበጥብጦ ጠጅ ሲጣል ወደ ላይ የሚንሳፈፈው፣ ገና ያልጠራው ሰም ከነጕድፉ «ሰፈፍ» ይባላል። ሰፈፉ በፈላ ውሃ ቀልጦ፣ ተጠልሎና ረግቶ ሲጠራ ሰም ይሆናል። የጥጥ ፈትል በዚሁ ሰም ተለብጦ ሲወጣ «ጧፍ» ነው። ጧፍ ቀጭንና ተጣጣፊ ሲሆን በእጅ ይያዛል፤ «ሻማ» ግን ወፈር ያለና ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው፤ ስሙም ከዐረብኛው «ሸምዓ» ጋራ የሚዛመድ ነው። «ሻማ» እና «ሸማ» በጽሕፈት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ይለያያሉ፤ በአነጋገር ግን የሸማው «ማ» ስለሚጠብቅ አይምታቱም።

ይህ ልዩነት የስም ብቻ አይደለም። ሻማ ቀጥ ብሎ ሲቆም የቀለጠው ሰም በክሩ ዙሪያ በሚፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቃጠላል። ጧፍ ግን ቀጭን ስለ ሆነ ጉድጓድ የለውም፤ በእጅ ሲያዝም ዘንበል ስለሚል የቀለጠው ሰም ሁሉ ወደ ታች ይፈሳል። እንግዲህ ጧፍ ከሻማ ይልቅ ልብስን የሚያገኘው ከያዡ ጥንቃቄ ማነስ ብቻ ሳይሆን ከአሠራሩ የተነሣ ነው።

2. ስለ ሰም ጠባይና ዐይነቶቹ

የንብ ሰም አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ከመቶው 70 ያህሉ የሰባ አሲድና ረዥም ሰንሰለት ያለው አልኮል ተዋሕደው የፈጠሩት ነገር ነው፤ 14 ያህሉ ሃይድሮካርቦን፣ 12 ያህሉም ነጻ የሰባ አሲድ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በውሃ የሚሟሟ የለም። ስለዚህ ሰም የነካውን ልብስ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ማሸት ድካም ብቻ ነው። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። ከዚህ በታች፣ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ፣ ሳይቀልጥ ይለሰልሳል፤ በእጅም ሊላቈጥ ይችላል። ከ18 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተሰባሪ ይሆናል። ክብደቱ ከውሃ ጥቂት ስለሚያንስ ሁልጊዜ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል።

ሁለተኛው ዐይነት ፓራፊን ነው። ይህን በ1830 እ.ኤ.አ. ካርል ፎን ራይሄንባህ የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ አገኘው፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ያንግ በ1850 እ.ኤ.አ. የአወጣጡን ዘዴ ካስመዘገበ በኋላ በ1850ዎቹ ዓመታት የፓራፊን ሻማ በኢንዱስትሪ ተሠርቶ ለገበያ መቅረብ ጀመረ። ዛሬ የሚወጣው ከድፍድፍ ነዳጅ ነው። ለሻማ የሚሆነው ፓራፊን በብዛት ከ48 እስከ 68 ዲግሪ ባለው መካከል ይቀልጣል፤ እንደ ዐይነቱም ይለያያል። በገበያ ከሚሸጠው ጧፍ መካከል ፓራፊን የተቀላቀለበት ወይም በሙሉ ከፓራፊን የተሠራ ይገኛል።

ሁለቱን ያለ መሣሪያ ለመለየት እንዲህ ይደረጋል። የንብ ሰም በጣት ሲታሽ የማር ሽታ ይሰጣል፤ መልኩ ከነጣ ብጫ እስከ ቡናማ ነው፤ ሲሰበርም ስብራቱ ድፍርስና ቅንጣት ያለው ይሆናል። ፓራፊን ግን የማር ሽታ የለውም፤ መልኩ ነጣ ብሎ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ ሲዳሰስም ያሟልጫል። ፋብሪካ የሠራው ሻማ ቀለም የተጨመረበት እንደ ሆነ ደግሞ ሰሙ ከተነሣ በኋላ ቀለሙ በልብሱ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ይህም ራሱን የቻለ ሌላ እድፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ዋና ትምህርት የሚከተለው ነው። ሰምን ለማቅለጥ 70 ዲግሪ ያህል ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ሙቀት ለሰሙ ምንም አይጨምርለትም፤ አደጋውን የሚጨምረው በልብሱ ላይ ነው።

3. ሰምን ማስለቀቅ ሥራቸው ስለ ሆነ ሰዎች

ሰምን ከሌላ ነገር መለየት ለሕዝባችን አዲስ ጥበብ አይደለም። ጠጅ ጣይዋ ሰፈፉን ስታጠራ የምትሠራበት ሕግ፣ ሰም ከውሃ እንደሚቀልና ሲቀዘቅዝ በላይ ሆኖ እንደሚረጋ በማወቅ ላይ የቆመ ነው። ወርቅ አንጥረኛውም አስቀድሞ ቅርጹን በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃውን በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ በተተወለት ቀዳዳ ይወጣል፤ በባዶውም ስፍራ ወርቁ ይፈስሳል። ቅኔ አዋቂዎቻችን «ሰምና ወርቅ» የሚሉት ምሳሌ ከዚሁ ሙያ የተወሰደ መሆኑ የታወቀ ነው። አንጥረኛው ለሰሙ መውጫ ቀዳዳ መተዉ ልብ ሊባል ይገባል፤ የቀለጠ ሰም መሄጃ ካላገኘ ከነበረበት አይለቅም።

ከአገራችን ውጭ ደግሞ በኢንዶኔዥያ በጃቫ ደሴት ባቲክ የሚባለውን ልብስ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ቀለም እንዳይነካው በሚፈልጉት የልብሱ ክፍል ላይ የቀለጠ ሰም ይሥሉበታል፤ ልብሱን ቀለም ውስጥ ነክረው ካወጡ በኋላ በፈላ ውሃ ውስጥ ይከቱታል፤ ሰሙም ለቆ ይንሳፈፋል፤ ተገፎም ለሌላ ሥራ ይውላል። ይህ ጥበብ በ2009 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።

የጠጅ ጣይዋ፣ የአንጥረኛውና የጃቫው ሠሪ ሥራ ሲነጻጸር አንድ መሠረት ይታያል፤ ይኸውም ሰም በራሱ አይጠፋም፤ ከአንድ ስፍራ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ በልብስ ላይ የፈሰሰውን ሰም ለማንሣት የሚፈልግ ሰው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «በምን ላጥፋው» ብሎ ሳይሆን «ወዴት ልውሰደው» ብሎ ነው።

4. ስለ ልብስ ዐይነቶች

ጥጥ። በእጅ የተፈተለና በሸማኔ የተሠራ ሸማ ክሩ ልል ስለ ሆነ የቀለጠ ሰምን በፍጥነት ይጠጣል። ጋቢ አራት ድርብ በመሆኑ ሰሙ ከአንዱ እጥፍ ወደ ሌላው ሊዘልቅ ይችላል። ነገር ግን ጥጥ ሙቀትንና ሳሙናን ከሁሉ ይበልጥ የሚችል ስለ ሆነ ለማጽዳት የሚቀለው እርሱ ነው። ሥጋቱ በጥበቡ ላይ ነው፤ የጥለቱ ቀለም የማይለቅ መሆኑ ካልተረጋገጠ በፈላ ውሃ ውስጥ ወደ ነጩ ሊሸሽ ይችላል።

ሱፍ። የመንዝ ባናና ዝተት፣ እንዲሁም በእጅ የተቋጠሩ ምንጣፎች ከበግ ጠጕር የሚሠሩ ናቸው። ሱፍ በፈላ ውሃ ውስጥ ሲታሽ ይኰማተራል፤ ብርቱ የሆነ የሳሙና ወይም የዐመድ ውሃም ጠጕሩን ይበላዋል።

ሐርና ከፋይ። የካህናት ካባና የመቅደስ መጋረጃ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ይሠራል። በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር ከሐር የተሠሩ ታላላቅ መጋረጃዎች እስከ ዛሬ በሙዚየም ተጠብቀው ይገኛሉ፤ አንዱ በሎንዶን በብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላውም በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ነው። ሐር እንደ ሱፍ ብርቱ ሳሙናን አይወድም። ከፋይ ደግሞ ጠጕሩ ቆሞ ስለሚታይ፣ ካውያ ሲያርፍበት ይተኛና ምልክቱ አይጠፋም። ወርቀ ዘቦ ያለበት ልብስ በቤት ውስጥ ከቶ ሊነካ አይገባም፤ በሐር ክር ላይ የተጠመጠመው ቀጭን ብረት በትንሽ መፋቅ ይላቀቃልና።

የፋብሪካ ክር። ዛሬ በከተማ ቤቶችና በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የሚነጠፈው ምንጣፍ በብዛት ከነዳጅ ውጤት የተሠራ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን በተከራዩዋቸው ወይም በገዟቸው የጸሎት ቤቶች ውስጥም ከወለሉ ጋራ የተጣበቀ እንዲህ ያለ ምንጣፍ ያጋጥማል። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ክር በ160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከዚያ በታችም ቅርጹን ይለቃል። ለጥጥ የተዘጋጀ የኤሌክትሪክ ካውያ ግን እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ሰሙን አነሣለሁ ሲል ምንጣፉን ያቀለጠ ሰው የሚበዛው ስለዚህ ነው።

5. የአነሣሡ ሥርዓት

ሥራው በአራት ደረጃ የሚፈጸም ነው፤ ደረጃዎቹም ቅደም ተከተላቸው ሊፋለስ አይገባም።

አንደኛ፣ መታገሥ። ሰሙ በፈሰሰበት ቅጽበት በእጅ ወይም በጨርቅ ሊጠረግ አይገባም። ትኩስ ሰም ሲጠረግ ይሰፋል፤ ወደ ድሩና ወደ ማጉም ይገባል። ልብሱ ባለበት ተዘርግቶ ሰሙ ይርጋ።

ሁለተኛ፣ ማቀዝቀዝና መቅረፍ። በደጋ አገር የማለዳው ብርድ የንብ ሰምን ተሰባሪ ለማድረግ ይበቃል፤ በቆላ ግን በረዶ በላስቲክ ከረጢት አድርጎ በሰሙ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ሰሙ ሲጠነክር ልብሱን ከበስተ ጀርባው በቀስታ ማጠፍ ነው፤ ያን ጊዜ ሰሙ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን በማንኪያ ጠርዝ ወይም በቢላ ደንደስ ከዳር ወደ መካከል እያሉ መቅረፍ ነው፤ በስለቱ ግን አይደለም። ፍርፋሪውም ወዲያው ይለቀም፤ በልብሱ ላይ ቀርቶ ሙቀት ሲያገኘው ሌላ እድፍ ይሆናልና። በዚህ ደረጃ ላይ የሚደከመው ድካም ከሁሉ የሚጠቅም ነው፤ ከሰሙ አብዛኛው ያለ ሙቀትና ያለ መድኃኒት የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፣ በሙቀት ማስመጠጥ። ከልብሱ በታችና በላይ ንጹሕ፣ ጽሕፈት የሌለበት መጣጭ ወረቀት ወይም ያረጀ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይደረጋል። ጋዜጣ ቀለሙ ወደ ልብሱ ሊተላለፍ ስለሚችል አይመረጥም። ከዚያ ለብ ያለ ካውያ በወረቀቱ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ያርፋል። ሰሙ ይቀልጥና ከልብሱ ወደ ወረቀቱ ይሄዳል፤ በወረቀቱም ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ወረቀቱ በየጊዜው ሊለወጥ ይገባል፤ ሰም የጠገበ ወረቀት የወሰደውን መልሶ ይሰጣልና። አዲሱ ወረቀት ነጥብ ሳይዝ ሲቀር ሥራው አልቋል ማለት ነው። የከሰል ካውያ የሙቀት መለኪያ ስለሌለው አስቀድሞ በነጭ ወረቀት ላይ ይሞከር፤ ወረቀቱን ቡናማ ካደረገው እጅግ ግሏል። ሻማው ባለ ቀለም የሆነ እንደ ሆነ ግን ሙቀት ቀለሙን ወደ ክሩ ስለሚያሰርገው ሁለተኛውን ደረጃ ማብዛት፣ ሦስተኛውን ማሳነስ ይገባል።

የማይለቅ ቀለም ላለው ወይም ነጭ ለሆነ የጥጥ ልብስ ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም በጃቫ እንደሚደረገው በውሃ ማፍላት ነው። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልብሱ ከውሃው በቀጥታ ሲወጣ በላይ የተንሳፈፈውን ሰም አቋርጦ ስለሚያልፍ እንደገና ይለበጣል። ስለዚህ ሰሙ አስቀድሞ ይገፈፍ፤ ወይም ልብሱ ወደ ታች ተጭኖ ውሃው ይቀዝቅዝና የረጋው ሰም እንደ ክዳን ይነሣ። ሰም ያለበት ውሃም በቧንቧ ጉድጓድ ሊደፋ አይገባም፤ ውስጥ ገብቶ ይረጋልና።

አራተኛ፣ ቀሪውን ማሟሟትና ማጠብ። ከሦስተኛው ደረጃ በኋላ ቅባት የሚመስል ጥላ ቢቀር፣ ቀለም ቀቢዎች ቀለም የሚያቀጥኑበት ፈሳሽ በነጭ ጨርቅ ተነክሮ ከዳር ወደ መካከል በቀስታ ይጠቀጠቅበታል። ይህ ፈሳሽ በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለ ሆነ ሥራው እሳት በሌለበትና አየር በሚተላለፍበት ስፍራ ይሁን፤ ፈሳሹም ፈጽሞ ሳይተን ካውያ አይቅረብ። ቤንዚን ግን ለዚህ ሥራ ከቶ ሊታሰብ አይገባም። የሻማ ቀለም የቀረ እንደ ሆነ አልኮል ይሞከራል። ማናቸውም ፈሳሽ አስቀድሞ በልብሱ ስውር ስፌት ላይ ሊፈተን ይገባል። በመጨረሻ ልብሱ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ከፈትሉ የመጣው ጥላሸትም በዚሁ ይለቃል።

ለማጠብ እንዶድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። እንዶድ ሰምን አያሟሟም፤ ለሸማ ማጠቢያ ግን የተመሰከረለት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ስለ ቢልሃርዝያ የታወቀውን ምርምራቸውን መጀመራቸው፣ የቤት ሙያ ለሳይንስ በር የሚከፍት ለመሆኑ ማስረጃ ነው።

6. ስለ ምንጣፍ ለብቻ

ምንጣፍ ከልብስ የሚለይበት ዋናው ነገር ከበታቹ ወረቀት ለማድረግ አለመቻሉ ነው። ሰሙ በሙቀት ሲቀልጥ ሁለት መንገድ አለው፤ ወደ ላይ ወደ ወረቀቱ፣ ወይም ወደ ታች ወደ ምንጣፉ ሥር። ካውያው በቈየ ቍጥር ወደ ታች የሚሄደው ይበዛል። ስለዚህ በምንጣፍ ላይ ካውያ ለብ ብሎ፣ በወፍራም የጥጥ ጨርቅ ላይ፣ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ብቻ አርፎ መነሣት አለበት፤ ሥራው አጭርና የተደጋገመ እንጂ ረዥምና አንድ ጊዜ መሆን የለበትም። ከፋብሪካ ክር ለተሠራ ምንጣፍ ካውያውን ትቶ በሙቅ ውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ጨርቅ መጠቀም ይሻላል። በመጨረሻም የተኛው ጠጕር በብሩሽ ይቀና።

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። ምእመናን ጫማቸውን አውልቀው በምንጣፉ ላይ ለብዙ ሰዓት ይቆማሉ። የንብ ሰም በእግር ሙቀትና ክብደት ስለሚለሰልስ በምንጣፉ ጠጕር መካከል ይጣበቃል፤ አቧራም ይይዛል፤ ቀስ በቀስም ጠቍሮ እንደ ቅርፊት ይሆናል። እንግዲህ ከበዓል ማግሥት በማለዳ፣ ሰሙ ገና በላይ ሳለና ብርዱ ሳይለቅ መቅረፍ፣ ከወር በኋላ በካውያና በፈሳሽ ከሚደረግ ድካም እጅግ ይሻላል።

7. ጠብታው ስለሚሰጠው ምስክርነት

እስከዚህ የተናገርነው በየቀኑ ስለሚለበስ ልብስና ስለሚረገጥ ምንጣፍ ነው። በዕቃ ቤት ስለሚገኝ አሮጌ ካባ፣ መጋረጃ ወይም የመጽሐፍ መሸፈኛ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚህ ስፍራ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት ይነሣል» ሳይሆን «ሊነሣ ይገባዋልን» የሚለው ነው።

ምክንያቱም የሚከተለው ነው። የጠብታው ስፍራ ልብሱ እንዴት ያገለግል እንደ ነበረ ያሳያል፤ በቀኝ እጅጌ ብቻ የተከማቸ ሰም መብራቱ በየት በኩል ይያዝ እንደ ነበር፣ በመጋረጃ የታችኛው ጠርዝ የሚታይም መብራቱ በምን ያህል ከፍታ ይቀመጥ እንደ ነበር ሊጠቁም ይችላል። የጠብታው ዐይነትም ይናገራል። በኬሚካዊ ምርመራ ፓራፊን ሆኖ የተገኘ ጠብታ ከ1850ዎቹ ዓመታት በፊት ሊወድቅ አይችልም፤ ልብሱ ጥንታዊ ቢሆን እንኳ እስከዚያ ዘመን ድረስ በአገልግሎት ላይ እንደ ነበረ ያስረዳል።

የንብ ሰም ደግሞ ከዚህ የበለጠ ምስክርነት አለው። ንብ ሰሙን የምትሠራው በዚያው ዘመን ካበቡት አበቦች ቀስማ ካገኘችው ምግብ ስለ ሆነ፣ ዊላርድ ሊቢ በ1940ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በፈለሰፉት በራዲዮካርቦን ዘዴ ዕድሜው ሊለካ ይችላል። በሰሜን አውስትራሊያ በዋሻ ግድግዳ ላይ በንብ ሰም የተሠሩ ሥዕሎች ዕድሜ በዚህ መንገድ ተለክቷል። ለመለኪያውም ጥቂት ሚሊግራም ይበቃል። ይሁን እንጂ ዘዴው ወሰን አለው፤ ከ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ላለው ዘመን የሚሰጠው መልስ ሰፊ ክልል እንጂ ቁርጥ ያለ ዓመት አይደለም።

አሁን ከላይ በአራተኛው ደረጃ የተጠቀሰው የቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ ለምን አደገኛ እንደሚሆን ይታያል። ይህ ፈሳሽም ሆነ ፓራፊን ከነዳጅ የሚወጣ ነው፤ ነዳጅ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የሞተ ሕይወት ቅሪት ስለ ሆነ ራዲዮካርቦን የለበትም። ከንብ ሰም ጋራ ጥቂት እንኳ ቢቀላቀል ጠብታውን ከእውነተኛ ዕድሜው ይልቅ አሮጌ አስመስሎ ያሳያል። ስለዚህ በቅንነት ልብሱን ለማጽዳት የተነሣ ሰው እድፉን ብቻ ሳይሆን የዕድሜውን ማስረጃም ሊያበላሽ ይችላል፤ ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ማስረጃውን ሳያጠፋ ወደ ሐሰት የለወጠው እንደ ሆነ ነው።

ስለዚህ በገዳማትና በአድባራት የሚሠሩ ተማሪዎች የሚከተለውን እንዲያደርጉ እናሳስባለን። የሰም ጠብታ ያለበት ዕቃ ሲያጋጥማቸው ከቄሰ ገበዙ ወይም ከዕቃ ቤቱ ጠባቂ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ የጠብታውን ስፍራ፣ መጠን፣ መልክና ሽታ ይመዝግቡ። ዕቃው ሊጸዳ ግድ ከሆነም ሥራው በሠለጠነ ሰው፣ ያለ ካውያና ያለ ፈሳሽ፣ በማቀዝቀዝና በመቅረፍ ብቻ ይጀመር፤ የተቀረፈውም ሰም ሳይጣል በንጹሕ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከነመግለጫው ይቀመጥ።

ከዚህም ጋራ የሰዎቹ ሙያ ሊጠየቅ ይገባል። ጧፉን ማን ይሠራዋል? ሰሙስ ከየት ይመጣል? ከልብስ ላይ የወደቀ ሰም በአካባቢው ምን ይባላል? የተቀረፈው ይጣላል ወይስ ለሌላ ጧፍ ይውላል? በዓል ካለፈ በኋላ ምንጣፉን የሚያጸዳው ማን ነው? የንብ ሰም በፓራፊን እየተተካ በሄደ ቍጥር ስለ ንብ ሰም የሚያውቁ እጆች እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ እነዚህንም ጥያቄዎች የሚመልስ ሰው ሳይጠፋ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በአጭሩ ለመናገር፣ ሰምን ከልብስ ማንሣት የኃይል ሥራ ሳይሆን የሥርዓት ሥራ ነው። ብርድ ያጠነክረዋል፤ ለብ ያለ ሙቀት ያስኬደዋል፤ ወረቀት ይቀበለዋል፤ ውሃና ሳሙና ቀሪውን ያጠራሉ። የየቀኑን ሸማ በዚህ መንገድ ማንጻት ይገባል። የአባቶችን ካባ ግን ከማንጻት በፊት ማንበብ ይቀድማል።